ከሴቻ እስከ ሲቀላ ብቻ ስለምትሄደው ነጭ መኪና፣ ለጓድ አበጋዝ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ለክቡር ጓድ አበጋዝ
ያገለገሉ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ሽያጭ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሴቻ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ጋር ተስማምቶ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከጥቅምት ወዲህ እግሬ በጣም ጠንክሯል፤ ምክንያቱን በተራ ቁጥር አራት ላይ አመለክታለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ወር የሂስና ግለሂስ ወር ብሎ በመሰየም፣ ማንኛውም ዜጋ ያለውን አስተያየት በፊርማው አረጋግጦ በግቢው በር ላይ በተተከለው ሰሌዳ እንዲለጥፍ ስለጋበዘ፣ ግብዣውን አክብሬ መጥቻለሁ። እስከ ትናንት ድረስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ያየሁት ግብዣው ራሱ ብቻ ስለነበረ፣ ቦታ በማጣት አልተቸገርኩም።

ስሜ ማርቆስ ኦይታ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ ዘርፈሽ የጨንቻ ልጅ ናት። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ በጭነት መኪና ላይ መሳፈር ስለማትችል፣ ሦስት መስቀል እናቷ ቤት ሳትደርስ አለፈ። በጋሞ ምድር መስቀል የትም ያለ ሰው ወደ ወላጆቹ ቤት የሚገባበት በዓል መሆኑን፣ እርስዎም በዚያን ሰሞን ቢሮዎን ዘግተው ስለሚሄዱ፣ ያውቁታል። እናቷ እማማ ወለቴ ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በየመስቀሉ የመጣውን ሁሉ ፊቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ስሙን ይጠራሉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ አንድ ፊት ጎደለባቸው። ስለዚህ ለአራተኛው መስቀል ዘርፈሽን ጨንቻ ላደርስባት መኪና ለመግዛት ወሰንኩ። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም።

በከተማችን ያገለገለ መኪና የሚሸጡልኝ ሁለት ወገኖች ነበሩ። አንደኛው አቶ ዳልጮ ነው። አቶ ዳልጮ የኦቾሎ ተወላጅና ሲቀላ የሚኖር የጋቢና የቡሉኮ ነጋዴ ሲሆን፣ ሸማ ከጨንቻ የሚያወርድባትን አሮጌ ቮልስ ሊሸጥ ፈልጎ ነበር። ሁለተኛው ወገን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በአንድ ቅዳሜ ወደ አቶ ዳልጮ ቤት ሄድኩ። መኪናዋን ገና ሳያሳየኝ ሁለት ጎረቤቶቹን ጠርቶ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠና፣ በእነሱ ፊት ጉድለቷን አንድ በአንድ ይቆጥርልኝ ጀመር። በአባቱ አገር ላም የሚሸጥ ሰው የላሟን ዓመል በምስክር ፊት ሳይናገር ከሸጠ፣ የደበቀው ነገር ጎሜ ይሆንበታል፤ ጎሜ ማለት የተሸሸገ ጥፋት ተመልሶ በባለቤቱ ወይም በቤተሰቡ ላይ የሚያመጣው መዘዝ ነው። አቶ ዳልጮ በዚህ ረገድ ቮልስ ከላም የምትለይበት ምክንያት አልታየውም። "መምህር፣ ይጻፉ" አለኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ቀኙ በር ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ስለሚከፈት በገመድ ይታሰራል። ሁለተኛ ማርሽ በእጅ ካልተያዘ ይወጣል። የነዳጅ መቁጠሪያው ባዶ ሲሆንም ሙሉ ነኝ ይላል። በጨንቻ ዳገት ላይ ሦስተኛው መጠምዘዣ ስትደርስ ግማሽ ሰዓት ታርፋለች፤ "ቢለምኗትም አትሰማም" አለ። ዝናብ ሲነካት ጡሩምባዋ በራሱ ይጮኻል፤ በዚህም የተነሣ ቀብር ላይ አሳፍራዋለች። በ1966 ዓ.ም. ተገልብጣለች፤ ጥፋቱ ግን የእሱ እንጂ የእሷ አይደለም። ሌሎቹንም ጨምሮ አሥር ከቆጠረ በኋላ ጨረስኩ ሲል፣ ከጎረቤቶቹ አንዱ "ክሪኩስ ዳልጮ?" አለው። አቶ ዳልጮ አንገቱን ደፍቶ፣ ጎማ ሲቀየር መኪናዋ የምትነሣበት ክሪክ የወንድሙ መሆኑን አመነ። አሥራ አንድ ሆነ።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በስሜት አልመለከትም። ደብተሬ ላይ ከመቶ የሚታረም ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ ለሞተር ሠላሳ፣ ለፍሬንና ለማርሽ አርባ፣ ለአካሏ አሥራ አምስት፣ ለምርመራ ሰነድ አሥራ አምስት። ለተነገረኝ ጉድለት ሁሉ ነጥብ ቀነስኩ። የምርመራ ሰነድ የሚባል ነገር ስላልነበራት በዚያ በኩል ዜሮ አገኘች። የአቶ ዳልጮ ቮልስ ከመቶ ሠላሳ ስምንት አመጣች፤ በእኔ ክፍል ይህ ወድቋል ይባላል።

ሰኞ ወደ ሴቻ ወጥቼ ከግቢዎ ደረስኩ። እዚያ የቆመችውን ነጭ ስቴሽን ዋገን እንዳየሁ፣ ሦስት ማኅተም የተመታበት የምርመራ ወረቀት ቀረበልኝ። ሞተር፣ ደህና። ፍሬን፣ ደህና። ማርሽ፣ ደህና። ጠቅላላ ሁኔታ፣ እጅግ ደህና። በግቢው ውስጥ አንድም ጉድለት የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ነጥብ የምቀንስበት ሰበብ አጣሁ። ከማኅተሞቹ የአንዱ ቀለም በመደብዘዙ ብቻ ስድስት ቀንሼ፣ ዘጠና አራት ሰጠኋት።

ሁለቱን ውጤቶች ለዘርፈሽ ባሳያት፣ "እና መምህር፣ የተናዘዘው ወደቀ፣ ዝም ያለው አለፈ ማለት ነው?" አለችኝ። የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኋት። "እሺ" አለች። ዘርፈሽ እሺ ስትል ተስማማች ማለት እንዳልሆነ በረዥሙ ትዳራችን ተምሬ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዘነጋሁት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ከማቀርበው ምስጋና ጋር፣ በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

1. ስለ ሙከራው። የጽሕፈት ቤትዎ ሾፌር ጓድ በዛብህ መኪናዋን ሊያስሞክረኝ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሁለት ዘበኞች ከኋላ ገፍተው ከግቢ አስወጡን፤ የሽኝት ሥርዓት መስሎኝ በመስኮት እጅ ነሣሁ። ከዚያ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ገበያ ድረስ እንደ ጥላ በጸጥታ ወረድን። በአድናቆት "ሞተሩ ምንም ድምፅ የለውም" ስለው፣ "ምንም የለውም መምህር" ሲል አረጋገጠልኝ። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ አልተነሣም ነበር። ሴቻ ከላይ ሲቀላ ከታች መሆኑን ለሠላሳ ዓመት ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ሰው፣ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት እንደነበረ ልብ ሳልል ለሞተሩ የሰጠሁትን ሙሉ ሠላሳ ነጥብ አጸናሁ። መኪና ለመሞከር ይህን ያህል ተስማሚ መንገድ መርጦ ለተገኘ ጽሕፈት ቤት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በኋላ ባትሪው ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን እኔም ሰማሁ፣ መንደሩም ሰማ።

2. ስለ ምርመራው። በወረቀቱ መሠረት መኪናዋ የተመረመረችው ግንቦት 9 ቀን በሴቻ ግቢ ውስጥ ነው። ከመሪው ሥር ባለው ኪስ ያገኘሁት የጉዞ መዝገብ ግን፣ ያን ዕለት ኮንሶ መንገድ ላይ ተበላሽታ በትራክተር ስትጎተት እንደዋለች ይናገራል። በሌለችበት ተመርምራ በሙሉ ጤንነት ያለፈች መኪና ለመያዝ የበቃሁት በእርስዎ ነውና እጅ እነሣለሁ።

3. ስለ መስቀል። ገንዘቡን ከፍዬ የነዳጅ ኩፖን እስኪሰጠኝ ስጠብቅ ነሐሴ ስላለቀ፣ መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገድ ላይ የነዳኋት በመስቀል ዋዜማ ነው። ዘርፈሽ አዲስ ሻሽ አስራ፣ የታመመ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ ከኋላ ተቀመጠች። በጫኖ ሜዳ ላይ መኪናዋ፣ ምንም እንኳ ጩኸቷ ከማሳ ውስጥ ሰው ቢያስወጣም፣ ያለ ችግር ሄደች። ዘርፈሽ ካሁኑ የእናቷ ደጃፍ የሚታያት ይመስል አንገቷን ታሰግግ ነበር። የጨንቻ መንገድ ከሜዳው ተለይቶ ዳገቱን ከሚጀምርበት ቦታ ስንደርስ ሞተሩ እያገሣ መኪናዋ ባለችበት ቆመች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተንሸራተትን። በዚያ ያለፈ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሽታውን ብቻ አሽትቶ፣ ፍሪሲዮኑ ተበልቶ ማለቁን፣ በሜዳ እንጂ በዳገት ኃይል እንደማያስተላልፍ ነገረኝ። "የት ነው የሞከሯት አባባ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ብዙ ሳቀ። ዘርፈሽ አልሳቀችም፤ ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስር ነበር።

በዚህ ጊዜ አቶ ዳልጮ ከሚስቱ ጋር በዚያችው ቮልስ ለበዓል ሲወጣ ደረሰብን። ሳይጠየቅ ከኋላ ወንበር ሁለት ትልልቅ የሸማ እስር አውርዶ ለዘርፈሽ ቦታ አዘጋጀ። ከመግባቷ በፊት ግን እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ "እትዬ ዘርፈሽ፣ ሳልነግርዎት አይግቡ" አለና አሥራ አንዱን ጉድለት በዚያ በመንገድ ዳር እንደገና ቆጠረ። አሥራ ሁለተኛም ጨመረ፤ ከትናንት ወዲያ ለበዓሉ የገዛው ቅቤ ወንበሩ ላይ ፈስሷል። ዘርፈሽ፣ "ዳልጮ፣ ቅቤውን ጉልበቴን እታሽበታለሁ፤ አንተ ብቻ ንዳ" ብላ ገባች።

እኔ አብሬ መሄድ አልቻልኩም። በሰጡኝ ጊዜያዊ ፈቃድ አንቀጽ ሦስት መሠረት የርክክብ ቅጽ እስኪፈረም ድረስ መኪናዋ የመንግሥት ንብረት ናት፤ ጥላት የሄደ ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ መስቀልን ጨምሮ አራት ቀን ከዳገቱ ሥር የመንግሥትን ንብረትና የአቶ ዳልጮን ሁለት እስር ስጠብቅ ሰነበትኩ። የጫኖ ገበሬዎች ሙዝና ማንጎ እያመጡ፣ ምን ጥፋት አጥፍቼ እንደተቀመጥኩ በአክብሮት ይጠይቁኝ ነበር። በኋላ ዘርፈሽ እንደነገረችኝ፣ በጉዞው ላይ አቶ ዳልጮ የተናገረው ሁሉ በተናገረው ቦታና ሰዓት ደርሷል፤ በሦስተኛው መጠምዘዣ ግማሽ ሰዓት አርፈዋል፤ ማንም አልደነገጠም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨንቻ ገብተዋል። እማማ ወለቴ ፊቷን ዳስሰው ስሟን ጠሩ። ከዚያ ስለ እኔ ጠየቁ። የመንግሥት ንብረት እየጠበቀ ነው ሲሏቸው፣ "አሰሩት በሉኛ" ብለው አለቀሱ፤ እስከ ማግስቱም ያጽናናቸው አልተገኘም።

4. ስለ አቤቱታዬ። መኪናዋ በእርሻ ትራክተር ተጎትታ ሲቀላ ከገባች በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን ዳገት እንደማትወጣ ገልጬ አመለከትኩ። ጽሕፈት ቤትዎ በቁጥርና በቀን በሰጠኝ መልስ፣ አቤቱታ የቀረበባት መኪና ሴቻ ግቢ በአካል ካልቀረበች ጉዳዩ ሊታይ እንደማይችል አስታወቀኝ። ሴቻ ዳገት ላይ መሆኑን፣ መኪናዋ ዳገት ብትወጣ ኖሮም አቤቱታ እንደማይኖረኝ በሁለተኛ ደብዳቤ አስረዳሁ። መርማሪ ወደ ሲቀላ እንዲወርድ ስጠይቅም፣ የመርማሪው መኪና ስለተበላሸች እንደማይችል ተገለጸልኝ። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ ከሲቀላ ሴቻ በእግሬ ወጥቻለሁ። በመግቢያዬ ላይ ያነሣሁት የእግር ጥንካሬ ከዚህ የተገኘ ስለሆነ ለጽሕፈት ቤትዎ ሳላመሰግን አላልፍም።

5. ስለ ቅጹ። ኅዳር 28 ቀን የተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ፣ "መኪናዋን ያለ አንዳች እንከን በሙሉ ጤንነት ተረክቤአለሁ" በሚለው ቅጽ ላይ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን ካልፈረምኩ ሊብሬ እንደማይሰጠኝና መኪናዋም ገንዘቡም እንደሚቀርብኝ ይገልጻል። ቅጹን ሳልፈርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። መኪናዋ ከግቢዬ ቆማለች፤ መጥተው ይውሰዷት። እንዴት ሴቻ እንደሚያወጧት ግን አሥራ አራቱም ጊዜ ስመላለስ አስቤበት አልተገለጠልኝም።

ክቡር ጓድ አበጋዝ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሂስ ነው። ሰሌዳው ግለሂስም ስለሚጠይቅ፣ በእውነቱም ወደዚህ በር ያመጣኝ እሱ ስለሆነ፣ ቀጥሎ ወደ ራሴ እመለሳለሁ።

እማማ ወለቴ ኅዳር ላይ ታመው ከተኙ ወዲህ ዘርፈሽን ሌት ተቀን ይጠራሉ። ሰዎች ቶሎ ትምጣ እያሉ ይልካሉ። ያለኝ አማራጭ አንድ ስለሆነ ባለፈው እሑድ ወደ አቶ ዳልጮ ተመልሼ፣ ቮልሷን በየወሩ ከጡረታዬ እየከፈልኩ እንዲሸጥልኝ ጠየቅኩ። እነዚያን ሁለት ጎረቤቶች ዳግመኛ ጠርቶ በዚያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። ስለ መኪናዋ ግን አንድ ቃል አልተናገረም።

"መምህር፣ እኔ የመኪናዬን ነግሬዎታለሁ" አለኝ። "ሠላሳ ስምንት ሰጡኝ አሉ፤ ሰምቻለሁ፣ አልተቀየምኩም። ግን እርስዎ የራስዎን ሳይናገሩ ቁልፉን ብሰጥዎ፣ የደበቁት ነገር መንገድ ላይ እትዬ ዘርፈሽን ቢያገኛትስ? እሱን እፈራለሁ።"

እዚያው ልናገር አልኩት። ከጎረቤቶቹ ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና፣ "ነጥቡን የሰጠኸው በወረቀት ነው፤ በወረቀት አንሣው። ሰው በሚያይበት ይሁን" አለኝ።

ስለዚህ ይኸው ሰው በሚያይበት አደርገዋለሁ። እኔ ማርቆስ ኦይታ፣ አንድ ሰው እውነት በተናገረልኝ ቁጥር ነጥብ ቀንሼበታለሁ፤ ምንም ላልነገሩኝ ሰዎች ደግሞ ዘጠና አራት ሰጥቻለሁ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪዎቼን ጥፋቱን ያመነ አይቀጣም እያልኩ አሳድጌ፣ በራሴ ገንዘብና በሚስቴ ጉልበት የሚፈተን ፈተና ሲመጣ ያመነውን ጣልኩ። በዚህ ጥፋቴ ዘርፈሽ ከዳገት ሥር ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተንሸራትታለች፤ አንዲት ዓይነ ስውር እናት አማቼ ታሰረ ብላ በበዓል ሌሊት አልቅሳለች። ወረቀትን ከሰው አፍ አስበልጬ ያመንኩ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እኔ ነኝ። ለአቶ ዳልጮ ቮልስ የሰጠሁትን ሠላሳ ስምንት ሰርዣለሁ፤ በምትኩ የሚሰጠውን ነጥብ ዳገቱን ወጥተን እናቷ ደጅ ስንደርስ ዘርፈሽ ትሞላዋለች። ሁለቱ ጎረቤቶች አጠገቤ ቆመው ይህን እያነበቡ ነው፤ ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችል ሌላው ጮክ ብሎ ያነብለታል። አንብበው ሲጨርሱ ቁልፉ ይሰጠኛል፤ ዘርፈሽም ስንቋን ቋጥራ ቤታችን በር ላይ ተቀምጣለች።

ጊዜዎን ከሌላ ሥራ ነጥቄ ከሆነ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ በወረቀትዎ ላይ ያለው ደህንነት ሁሉ በአካልዎም እንዲፈጸም እየተመኘሁ፣ በእግሩ እየወጣ በእግሩ የሚወርደው የዘወትር ባለጉዳይዎ፣

ማርቆስ ኦይታ
የሒሳብ መምህር በጡረታ

ማስታወሻ፦ ትናንት ማታ ጓድ በዛብህ ወደ አቶ ዳልጮ ቤት መጥቶ፣ እርስዎ ለራስዎ ቤተሰብ የሚሆን መኪና እንደሚፈልጉ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ግን መግዛት እንደማይሹ በምስጢር ጠይቆ መሄዱን ሰምቻለሁ። አቶ ዳልጮ ከወንድሙ ጋር ተነጋግሮ አንዲት ሌላ መኪና ሊያገኝልዎት ፈቃደኛ ነው፤ የሚጠይቅዎትም እኔን የጠየቀኝን ብቻ ነው። ስለሆነም ከዚህ ደብዳቤ በስተቀኝ ለአንድ ወረቀት የሚሆን ቦታ ትቼልዎታለሁ። አንድ ወረቀት የማይበቃዎት ከሆነ፣ ሰሌዳው ከጀርባውም ባዶ ነው።